በዕድርና በአባል መካከል ያለችው ዳይመንድ

በዚህ ሴሚስተር ከወሰድኳቸው ኮርሶች ሁሉ ያንገበገበኝ ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሶፍትዌር ንድፍ ነው። ያንገበገበኝም ስለከበደኝ ሳይሆን፣ በሥዕል ላይ በምትቀመጥ፣ የጤፍ ፍሬ በምታህል አንዲት የዳይመንድ ቅርጽ ምልክት ምክንያት ከ20 ላይ 4 ነጥብ ስለተቀነሰብን ነው። ይህንን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

የቡድናችን ፕሮጀክት የሰፈራችንን ዕድር የአባላት መዝገብና ወርሃዊ መዋጮ የሚይዝ ሥርዓት መሥራት ነበር። የሥርዓቱን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን በሚያሳየው ሥዕል፣ በክላስ ዲያግራሙ ላይ «ዕድር» እና «አባል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ሣልንና በሚያገናኛቸው መስመር ጫፍ፣ በዕድሩ በኩል፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ዳይመንድ አስቀመጥን፤ ዕድሩ አባላትን ይይዛል ለማለት ነው። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ከበቧትና «ኮምፖዚሽን መሆን አለበት፤ አባል የሌለው ዕድር የለም» ብለው ጻፉባት።

አባል የሌለው ዕድር አለመኖሩ እውነት ነው። ይህ ግን የዳይመንድ ጉዳይ ሳይሆን የቁጥር ጉዳይ ነው፤ በአባል በኩል «1..*» (አንድ ወይም ከዚያ በላይ) ብሎ መጻፍ ይበቃዋል፣ እኛም ጽፈነዋል። የኮምፖዚሽን ምልክት የሆነችው፣ ውስጧ የጠቆረችው ዳይመንድ የምትናገረው ሌላ ነገር ነው፦ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባለቤት በላይ ሊኖረው እንደማይችልና ባለቤቱ ሲጠፋ ክፍሉም አብሮት እንደሚጠፋ። እናቴ የሰፈር ዕድር፣ የሴቶች ዕድርና የመሥሪያ ቤት ዕድር አባል ናት። በመምህራችን እርማት መሠረት ከሦስቱ አንዱን መርጣ ሁለቱን መተው ይኖርባታል፤ የመረጠችው ዕድር የፈረሰ ዕለት ደግሞ እሷም አብራ ትሰረዛለች ማለት ነው። ዕድር ሲፈርስ ድንኳኑና ድስቱ ይከፋፈላል እንጂ አባላቱ አብረው የሚጠፉ ከሆነ ማን ሊቀብራቸው ነው?

ክርክሬን በማስረጃ ላስደግፍ ብዬ ኦኤምጂ የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት ያወጣውን የዩኤምኤል (እነዚህ የሶፍትዌር ሥዕሎች የሚሣሉበት የምልክት ቋንቋ) 2.5.1 መስፈርት ከፈትኩ። ከ700 ገጽ በላይ ነው፤ የዶርማችን ኢንተርኔት እስኪያወርደው እራት በልቼ ተመለስኩ። ስለ ባዶዋ ዳይመንድ የሚናገረውን ሳነብ ግን ይበልጥ ተናደድኩ፤ ትክክለኛ ትርጉሟ እንደ ሥራው መስክና እንደ ሣዩ እንደሚለያይ መስፈርቱ ራሱ ያምናል። እንግዲህ የኛ 4 ነጥብ የሄደው፣ ያወጧት ሰዎች እንኳ አንድ ቁርጥ ያለ ፍቺ ያልሰጧትን ምልክት ተጠቅማችኋል በሚል ሳይሆን፣ በእርግጠኝነት ስሕተት በሆነ ሌላ ምልክት አልተካችኋትም በሚል ነው። ተራ መስመር አሥምረን ብናልፍ ኖሮ ማንም ባልከሰሰን ነበር።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይገርመዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግራዲ ቡች ክላስን በደመና ቅርጽ፣ ጄምስ ራምቦ ደግሞ በሳጥን ይሥሉ ነበር፤ ኢቫር ጃኮብሰን በበኩላቸው ዩዝ ኬዝን፣ ማለትም ተጠቃሚው በሥርዓቱ ሊፈጽም የሚፈልገውን ተግባር መግለጫ፣ ይዘው መጡ። ሦስቱ ተሰባስበው ሥራቸውን ያዋሐዱትና ኦኤምጂም እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኤምኤልን መስፈርት አድርጎ የተቀበለው፣ ባለሙያዎች በቅርጽ መጨቃጨቃቸውን ትተው ስለሚሠሩት ነገር እንዲነጋገሩ ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ የቀረው ግን የቅርጹ ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

የዩዝ ኬዙን ነገር ባላነሳው ይሻላል። ካለፈው ባች የወረስነው ዶክመንት ላይ ዩዝ ኬዝን የሚወክለው ሞላላ ክብ ሁሉ በተቆራረጠ ቀስት ወደ «ሎግ ኢን» ይጠቁማል፤ ቆጥሬዋለሁ፣ 17 ቀስት ነው፣ ገጹ የሸረሪት ድር መስሏል። ሎግ ኢን ለማድረግ ብሎ ወደ ዕድር ቢሮ የሚመጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። የኢንክሉድ (የማካተት) ቀስት ከዋናው ወደ ተካታቹ፣ የኤክስቴንድ (የመጨመር) ቀስት ደግሞ ከተጨማሪው ወደ ዋናው እንደሚሄድ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል፤ ለምን ተገላበጡ ብሎ የጠየቀም ሆነ ያስረዳ የለም። አብዛኛው ቡድን ደግሞ ኮዱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ቤት ሠርቶ ፕላን እንደሚያስነሣ ሰው፣ ዲያግራሙን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሥለው።

የሚቆጨኝ ነገሩ እንደሚጠቅም በዓይኔ ስላየሁ ነው። አንድ እሑድ የዕድራችንን ጸሐፊ ላነጋግር ሄጄ በመዋጮ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ የአባሉን ሁኔታዎች ሣልኩላቸው፦ «ንቁ»፣ ሦስት ወር ካልከፈለ «የታገደ»፣ ከዚያ «የተሰረዘ»። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ጥቂት አዩትና «ታግዶ ሳለ ሐዘን ቢደርስበትስ፣ ልጄ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «እኛ እኮ መጀመሪያ እንቀብርለታለን፤ ዕዳውን የምንጠይቀው ከሐዘኑ ሲነሣ ነው» ብለው ጣታቸውን «የታገደ» ከሚለው ላይ ወደ ባዶው ወረቀት ጎተቱት። ሁለት ሳምንት የጻፍነው ኮድ የታገደን አባል ከአገልግሎት ሙሉ በሙሉ ያስወጣ ነበር። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ አዛውንት ስሕተቱን ያገኙት ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ ያለ አንዲት ዳይመንድ ነው። ያንን ሥዕል አስተካክለን ስናስረክበው 2 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ሥዕሉ ከየት እንደሚጀምር የምታሳየው የመነሻዋ ጥቁር ክብ ተረስታለች ተብሎ።

አርሙና መልሱ የተባልነው እስከ ዓርብ ነበር። እኔ መስፈርቱን አትሜ መምህሩ ቢሮ ልሂድ ስል የቡድኔ አባላት «ተው፣ ገና ሲኒየር ፕሮጀክት አለብን» አሉኝና በአራት ድምፅ በአንድ ተሸንፌ ዳይመንዷን አጠቆርናት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግን ቀለሙ እያለቀበት ስለነበር ግማሿ ጥቁር ግማሿ ነጭ ሆና ታተመች፤ ድጋሚ ማሳተሚያ ገንዘብ ስላልነበረን እንዲሁ አስረከብናት።