እርማት፦ ፀሐይ የበላውን ጀልባ ሰም ብቻውን አይመልሰውም

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የነጣን የፋይበር ግላስ ጀልባ «ሰም ቀብተህ የፖሊሽ ማሽኑን በከፍተኛ ፍጥነት ብታሽከረክርበት እንደ አዲስ ይሆናል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚሁ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም፤ ጀልባም ያበላሻል።

ስትዳስሰው እጅህ ላይ ዱቄት የሚተወው ንጣት ቆሻሻ አይደለም። ጄልኮት የሚባለው የላይኛው የፖሊስተር ሽፋን በፀሐይ ጨረር ተበልቶ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ሰም ይህን የተበላ ንብርብር ለጊዜው ያወዛዋል እንጂ አያነሳውም። የሚያነሳው ኮምፓውንድ የሚባለው እየፋቀ የሚያለሰልስ ቅባት ነው። ሰሙ የሚቀባው ከዚያ በኋላ፣ ለመከላከያ ነው።

ፍጥነቱ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ለኮምፓውንድ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር ይበቃል። 3,000 ላይ አድርገህ ከተጫንከው ሙቀቱ ጄልኮቱን ያቃጥለዋል፣ በተለይ ጠርዙ ላይ። ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ካለቀ በኋላ በፖሊሽ የሚመለስ ነገር የለም፣ እንደገና ማስቀባት ነው።

ስለዚህ አጥበህ ጥላ ሥር አቁመው። እጅ የሚያቃጥል አካል ላይ አትጀምር። ማሽኑ ላይ የሚገጠም የሱፍ ፓድ (ማሻ) ተጠቀም፤ ኮምፓውንዱን ትንሽ ትንሽ እያደረግክ፣ ክንድ በክንድ በሆነ ቦታ ላይ ሥራ፤ ማሽኑ ግን አንድ ነጥብ ላይ አይቁም። እኔ ጠርዞቹን በፕላስተር ሸፍኜ በመጨረሻ በእጄ ነው የማሻቸው። የእንጨት ጀልባ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም።