ማስተካከያ፦ አስተርጓሚው ጌትዌይ እንጂ ጌትኪፐር አይደለም
ስለ ቪዲዮ ስብሰባ በጻፍኩት ያለፈው ጽሑፍ፣ በአይኤስዲኤን (ዲጂታል) የስልክ መስመር ላይ ያለ መሣሪያ በአይፒ፣ ማለትም ኢንተርኔት በሚሠራበት ዓይነት ኔትወርክ ላይ ካለው ጋር ሲገናኝ በመካከል የሚያስተረጉመው ጌትኪፐር ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የስሞቹ መመሳሰል ብዕሬን አዳልጦታል፤ ሰበብ ግን አይሆነኝም።

ጌትኪፐር አድራሻ ይፈልጋል፣ ጥሪውን ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ የመሣሪያዎቹን የመገናኛ ቋንቋ ግን አይለውጥም። የአይኤስዲኤኑ መሣሪያ የሚሠራው በኤች.320 ደንብ ሲሆን፣ የአይፒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በጸደቀው ኤች.323 ነው። በሁለቱ መካከል የጥሪ ምልክቱን፣ ሲያስፈልግም ድምፁንና ምስሉን የሚለውጠው ጌትዌይ ነው።

አደዋወሉም በሁለቱ አቅጣጫ አንድ አይደለም። ከአይፒ በኩል የሚደውል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጌትዌዩን መለያ ቁጥር አስቀድሞ የስልክ ቁጥሩን ያስከትላል። ከአይኤስዲኤን በኩል ግን መጀመሪያ ወደ ጌትዌዩ ስልክ ተደውሎ፣ የድምፅ መመሪያው ሲሰማ የተፈላጊው የውስጥ ቁጥር ይገባል። ብዙ ሰው መመሪያውን ሲሰማ ጥሪው የከሸፈ መስሎት የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቁጥርም ይታረም፦ በዚያው ጽሑፍ 128 ኪሎቢት በሰከንድ ያልኩት የአንድ የአይኤስዲኤን ቻናል (ድምፅና ምስል የሚያልፍበት መንገድ) ሳይሆን የሁለት ነው። አንዱ 64 ብቻ ይይዛል፤ ለ384 ኪሎቢት ስድስት ቻናል ያስፈልጋል።