አባቶቻችንን በድፍን ቃል አንቅበር

ወገኖቼ፣ ሰው የምንሸኝበት ነገር አሳስቦኛል። ከቀብር ስንመለስ ስለ ሕዝቡ ብዛት እናወራለን። ስለ ዝናቡና ስለ ፀሐዩ እናወራለን። የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ግን የሚያነሣው የለም። ቀድሞም ስለ ሰውየው ስላልነበረ ነው።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ...» ብሎ ይጀምራል። የሥራ ቦታዎች ይቆጠራሉ። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይከተላል። መጨረሻ ላይ «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ቤተሰባቸውን የሚወዱ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚያገለግሉ ነበሩ» ተብሎ ወረቀቱ ይታጠፋል። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የተነበበውም ይኸው ነበር። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው።

ይህን ቃል ለሁሉም እናድላለን። ልጆቹን በትኖ የኖረውም «ቤተሰቡን ወዳድ» ነው። ከጥምቀት በቀር የቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልረገጠውም «የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ» ነው። ሙት ወቃሽ ሁኑ አልልም፤ የሞተን ሰው ማማት ነውር ነው። ግን እስቲ አስቡት። ቃሉን ላልኖረበት ሰው በነፃ ከሰጠን፣ ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ሰው በምን ልናመሰግነው ነው?

የሰፈሬን አንድ አባት ላንሣ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰቦቻቸው አሉ። የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ጸሎት ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ አንድ ሥራ አላቸው። ባለቤታቸው ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለዚህ ኢንሱሊኑን ለክተው የሚወጓቸው እሳቸው ናቸው፤ ጠዋትም ማታም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ ሲቆጠር፣ የተጨማደደውን ብር አንድ በአንድ በመዳፋቸው ያቃኑታል። ሒሳቡን በደብተር የሚጽፉት በሁለት ቀለም ነበር፤ ገቢውን በሰማያዊ፣ ወጪውን በቀይ። ማንም ምእመን መጥቶ «አሳዩኝ» ቢል ይገልጡለታል። የሞተ ወንድማቸውን ልጆች ከራሳቸው ልጆች ጋር አሳደጉ። እኛ የሰፈሩ ልጆች የትኛው የማን እንደሆነ ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። የጫማው ዓይነት እንኳ አንድ ነበር።

በቀብራቸው ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልተነበበም። «ደግና ሩኅሩኅ ነበሩ» ተባለ፤ አለቀ።

ደግሞ ሌላ የሚያሳፍር ነገር አለ። ካህኑ ለፍትሐት «ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። ወልደ ማርያም ነው የሚል አለ፤ አይ፣ ኃይለ ሚካኤል ነው የሚል አለ። አንዱ ሮጦ ንስሐ አባታቸው ጋ ይደውላል። ጸሎቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው። የአባቱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቃሉ የያዘ ልጅ፣ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የቆረበበትን ስም እንዴት አያውቅም?

ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አላስተማረችንም። በየዕለቱ የቅዱሳንን ታሪክ የያዘውን ስንክሳር ታነባለች። ስንክሳር ደግሞ ቅዱሱን «ጥሩ ሰው ነበር» ብሎ አያልፈውም። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተወ፣ ምን እንደደረሰበት፣ እንዴት እንዳረፈ ይተርካል። ሐምሌ 26 አረጋዊው ዮሴፍ ይታሰባል። ቤት ስለ መጠበቅ ካነሣን ከእሱ የሚቀድም ማን አለ? ድንግል ማርያምን በአደራ ተቀበለ። በሌሊት ተነሥቶ እናትና ልጅን ይዞ ወደ ግብፅ ተሰደደ። ሄሮድስ ሲሞት ይዟቸው ተመለሰ፣ ናዝሬት አኖራቸው። በወንጌል ውስጥ ዮሴፍ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። የተጻፈው ያደረገው ነው። በሁለት ሺህ ዓመት ዮሴፍን ያላስረሳን እሱ ነው።

ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቅ። ያዩትንና የሰሙትን በጽሑፍ አኖሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ታትሞ ይኸው ዛሬ እናነበዋለን። የእናንተ አባት ጸሐፊ ላይሆን ይችላል። ግን እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ ኪስ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ። የልጅ ልጅ ልደት ሲሆን ኬኩን ከስንት አቅጣጫ እንቀርጸዋለን። አያትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩትን ግን «ኧረ ይሄን ሰምተነዋል» ብለን እናቋርጣቸዋለን።

ስለ ተዝካሩም ልናገር፣ አትቆጡኝ። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እነዚህ ቀኖች የጸሎት፣ የቅዳሴና የምጽዋት ናቸው። እኛ ምን አደረግናቸው? ፎቶ የታተመበት ካናቴራ፣ ትልቅ ባነር፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣ እንደ ሠርግ የተደረደረ ምግብ። አንዳንድ ቤት ተበድሮ ነው የሚደግሰው፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ። በስንት ተዝካር ላይ አይቻለሁ፣ ድንኳኑ በር ላይ ሰው ቆሞ ነዳያንን «ቆዩ፣ እንግዳ ይብላ» ይላል። ለማን ነው ታዲያ የተደገሰው? የተዝካሩ ዋና እንግዶች እነሱ አልነበሩም?

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ስሙኝ። ቀብሩን ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆናችሁ በስልክ አይታችሁ አልቅሳችኋል። ለእብነ በረዱ ሐውልት ገንዘብ ልካችኋል። መምጣት ያልቻለ ሰው አቅሙ እሱ ነው፤ ሐዘናችሁ እውነተኛ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አርባው ሲያልፍ ፍራሹ ይነሣል፣ ድንኳኑም ወደ እድሩ ይመለሳል፣ ጎረቤትም ወደ ሥራው ይሄዳል። እናታችሁ ብቻቸውን ይቀራሉ። ያቺን የጠዋት መርፌ አሁን ማን ነው የሚወጋቸው? ለዚህ ሰው መቅጠር ከሐውልቱ ይቀድም ነበር። ሰፈር ውስጥ የቀራችሁትም አታመልጡም። «ቤተ ክርስቲያናቸውን ያገለገሉ» ብላችሁ በድምፅ ማጉያ አነበባችሁ፤ የገንዘብ ያዥነቱ ቦታ ግን ባዶ ነው፣ ከልጆቻቸው አንድም «እኔ ልተካ» ያለ የለም።

ስለዚህ የሕይወት ታሪክ ጻፉ የምትባሉ ሰዎች፣ ያለፈውን ወረቀት ገልብጣችሁ ስም አትቀይሩ። ሐዘን ቤት ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች መሐል ግቡና ጠይቁ። የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሂዱ። አብሮት የሠራውን፣ አብሮት የዘመረውን አናግሩ። ሚስቱን «ሲቆጣ እንዴት ነበር፣ ሲታረቅስ?» በሏት። ዐሥር ቅጽል ከምትደረድሩ እውነተኛ ሥራ አንድ ይበቃል። ሥራ ከተገኘ ቅጽል አያስፈልግም፤ ካልተገኘም ዝም ብሎ «ነፍስ ይማር» ማለት ይሻላል።

አባቱ በሕይወት ያለለት ሰው ደግሞ ቀብር አይጠብቅ። ዛሬ ማታ ሄዶ፣ መሄድ ካልቻለ ደውሎ፣ ስመ ክርስትናቸውን ይጠይቅ። ክርስትና ያነሣቸው ማን እንደሆነ፣ ወደ ከተማው የመጡት በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ከእናቱ ጋር እንዴት እንደተገናኙ፣ በቸገራቸው ጊዜ ማን እንደደረሰላቸው ይጠይቅ። ሲመልሱ አያቋርጥ። ይጻፈው፣ ወይም ይቅዳው።