ማማው ጋን አይደለም

ማማ ምን እንደሆነ ገበሬ ያውቃል። ሰብል ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ የሚጠበቅበት፣ በእንጨት የቆመ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው፤ ምንም አይጠራቀምበትም። አገራችንን «የአፍሪካ የውሃ ማማ» ብሎ የሰየመ ሰው ሳያስበው እውነቱን ተናግሯል። እኛ ግን የምንኮራበት ማማውን እንደ ጋን ቆጥረን ነው።

ከፍታ ሁሉ አንድ ዓይነት ወንዝ አይወልድም። ሕንድን እንመልከት። ጋንጅስ የሚነሳው ከሂማላያ የበረዶ ግግር ስለሆነ ዝናብ በሌለበት በሚያዝያና በግንቦት እንኳ የሚቀልጠው በረዶ ይደርስለታል። ጎዳቫሪም 1,465 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ታላቅ ወንዝ ነው፤ ነገር ግን ከደካን አምባ ምዕራባዊ ጠርዝ ስለሚነሳ ሲሳዩ ዝናብ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ይሞላል፤ ሲወጣ ይመነምናል።

እኛ በልባችን ከጋንጅስ ወገን ነን፤ ዝምድናችን ግን ከጎዳቫሪ ጋር ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም ከዓመት ዓመት የሚቆይ የበረዶ ግግር የለውም። ሌሊት የጣለው አመዳይ ረፋዱን አያልፍም። የአባይ ውሃ አብዛኛው በክረምቱና በማግስቱ ባሉት ጥቂት ወራት ወርዶ ያልቃል።

ነጭ አባይም ቢሆን የአምባ ልጅ ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተኝቷል። እርሱ ግን ጋን አለው። ሐይቁ ያጠራቅምለታል፤ በደቡብ ሱዳን ያለው የሱድ ረግረግም ግማሽ ያህሉን ውሃ ቢያስቀርበትም የተረፈውን አመጣጥኖ ይለቀዋል። ስለዚህ ካርቱም ላይ በነሐሴ የእኛ ደራሽ ነጩን ወደ ኋላ ይገታው ነበር፤ በሚያዝያ ደግሞ የናይልን ሸክም የሚሸከመው እርሱ ነበር። የእኛው ጣና በአማካይ ጥልቀቱ ከአሥር ሜትር አይበልጥም፤ ያን ሁሉ ጎርፍ ሊያስተናግድ አይችልም።

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የምትለውን ተረት ጸሐፊ ሁሉ ስለሚመዛት ልተዋት ነበር። ግን ከዚህ የተሻለ የሃይድሮሎጂ ትምህርት ከየት ይመጣል? ማደሪያ ማለት እኮ ማጠራቀሚያ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ማደሪያ ነው፤ ደስታዬ ከማንም አያንስም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ማደሪያውን የሠራነው ውሃው አገር ሊለቅ ሲል፣ በሩ ላይ ነው። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ሥር ያለች እናት በመጋቢት እንስራዋን አዝላ ምንጭ ለምንጭ ስትንከራተት ጉባ ላይ ያለው የግድቡ ሐይቅ አይደርስላትም።

ለእርሷ በበረዶው ፋንታ የተሰጣት አፈሩ ነው። የጓሳ ሣሩ፣ የአስታ ቁጥቋጦው፣ ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ ይዘው ቀስ እያሉ ለምንጩ ያቀብላሉ። አፈሩ ሲታጠብ ጋኑ ተሰበረ ማለት ነው፤ ስባሪውም ግድቡ ውስጥ ደለል ሆኖ ይቀመጣል። የመንዝ ሰዎች ይህን ለማወቅ ባለሙያ አልጠበቁም። በቄሮ ሥርዓታቸው (በኋላ ዘመን ከምናውቀው ስም ጋር አይገናኝም) የጓሳ አምባቸውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ተፈቅዶ ይታጨዳል። ሥርዓቱ የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ነው። ዛሬም ከዚያ አምባ የሚነሱት ጅረቶች ገሚሶቹ ወደ አባይ፣ ገሚሶቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ጮቄ ላይ ግን የገብስ ማሳ ከፍታው ላይ እስከሚበቅለው ጅባራ ድረስ ወጥቷል። በየዓመቱ በጥር ወር ሕዝብ ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ ብዙም ሳይቆይ ከብት ይለቀቅበታል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ከዚያ ማሳ ሌላ መሬት የለውም። ነገር ግን መንግሥት ከግድቡ ኤሌክትሪክ ሽያጭ ከሚያገኘው ገቢ ጥቂቱን በየዓመቱ ለእርሱ ቢከፍለውና ከላይ ያለው ማሳ ወደ ጓሳ ቢመለስ፣ ይህ ክፍያ ከግድቡ ጥገና ወጪ ተለይቶ መታየት የለበትም።