ፔፕታይዱ መስታወቱ ላይ ይሠራ ወይስ ተሠርቶ ይለጠፍ?

ባዮሴንሰር በሽታ አምጪን ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የሚፈለገውን ነገር ይዞ የሚያስቀረው ክፍል ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። አንድ የደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ መምህርና አንዲት የባሕር ዳር የላብራቶሪ ባለሙያ ፔፕታይዱ በመሣሪያው መስታወት ላይ በሚቀመጥበት አሠራር አልተስማሙም።

መምህሩ፦ እኔ እዚያው መስታወቱ ላይ ይሠራ ባይ ነኝ። መጀመሪያ መስታወቱ በሲሌን፣ ማለትም አሚኖ አሲዱን ከመስታወቱ ጋር በሚያያይዝ የሲሊኮን ውህድ ይታከማል። ከዚያ አሚኖ አሲዶቹ እንደ ጨሌ አንድ በአንድ ይሰካሉ። አሜሪካዊው ኬሚስት ሜሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1963 በፕላስቲክ ቅንጣት ላይ ያሳየው መንገድ ነው። በ1991 ደግሞ ብርሃን እየመራ በ10 ዙር ብቻ 1,024 ዓይነት ፔፕታይድ መስታወት ላይ ተሠርቷል። ለእኛ ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙው ፈጣን የወባ ምርመራ የሚፈልገው ኤችአርፒ-2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። የዚህ ፕሮቲን ጂን የጠፋባቸው፣ ስለዚህም ምርመራው ሊስታቸው የሚችል ተውሳኮች ግን በአማራ ክልልም ተገኝተዋል። ሌላ ፕሮቲን የሚይዝ ፔፕታይድ መፈለግ አለብን። ታዲያ ሺውን ሁሉ አንድ በአንድ ከውጭ ልናዝ ነው?

ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ እስኪ ሂሳቡን እንሥራው። እያንዳንዱ ዙር 95 በመቶ ቢሳካ፣ ከ20 ዙር በኋላ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ከ100 ሰንሰለት 36ቱ ነው። ሬዚን ላይ፣ ማለትም በፕላስቲክ ቅንጣቱ ላይ የተሠራውን ቆርጠህ ታወጣለህ፣ ታጣራለህ። መስታወቱ ላይ ግን ፍሬውም ግርዱም አብሮ ይቀራል። ከዓባይ በረሃ ትኩሳት ይዛ የመጣች እናት «ወባ የለብሽም» ተብላ ብትመለስስ? እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

መምህሩ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን 20 ማን አለ? 8 ይበቃኛል። እያንዳንዱን ዙር ደግሜ 99 በመቶ ካደረስኩት፣ ከ100 ሰንሰለት 92ቱ ሙሉ ናቸው።

ባለሙያዋ፦ 99 መድረሱን በምን ታውቃለህ? አንድ መስታወት ላይ ያለው ፔፕታይድ እኮ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለመለካት ያስቸግራል። የባሕር ዳር ክረምትም አለ። ሲሌን እርጥበት ሲያገኝ እርስ በርሱ ይያያዝና ይጓጉላል። ለፍለጋው መስታወትህን ተጠቀም፣ አልቃወምም። ለታማሚ የሚቀርበው ግን ተጣርቶ፣ ጫፉ ላይ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ተጨምሮለት፣ በዚያ በኩል ብቻ ይለጠፍ።

መምህሩ፦ ፔፕታይዶቹ መስታወቱ ላይ ተጠጋግተው ስለቆሙ ተረዳድተው ይዘው ቢሆንስ? ተጣርቶ ሲለጠፍ እኩል ላይይዝ ይችላል።

ባለሙያዋ፦ እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የደም ናሙና እንፈትናቸው። አንተ ዝናቡ ሳይገባ መስታወቱን አዘጋጅ።