ያ ሁሉ ድንጋጤ በእርግጥ ነበር ወይ?

ጽሑፋችሁ እ.ኤ.አ. በ1938 ተዋናዩ ኦርሰን ዌልስ በአሜሪካው ሲቢኤስ ሬዲዮ በዜና መልክ ያቀረበው፣ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ሲወርሩ የሚተርክ ድራማ አሜሪካን በሙሉ አስደነገጠ ይላል። እኔም ኮሌጅ እያለሁ የተማርኩት እንደዚሁ ነው፤ ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬበት ነበር። ግን የሚዲያ መምህራኑ ጄፈርሰን ፑሊና ማይክል ሶኮሎው እ.ኤ.አ. በ2013 የጻፉትን እባካችሁ እዩት። ያን ምሽት 5,000 ቤቶች በስልክ ተጠይቀው ድራማውን እየሰማን ነው ያሉት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ! ብዙ አድማጭ የነበረው በሌላ ጣቢያ የሚተላለፍ ኮሜዲ ነው። ታዲያ ወሬውን ማን አጋነነው? ጋዜጦቹ ናቸው ይላሉ ሁለቱ፤ ሬዲዮ የማስታወቂያ ገቢያቸውን እየወሰደባቸው ስለነበር የማይታመን ሚዲያ ነው ለማስባል ጥሩ አጋጣሚ አገኙ። የደነገጠ ሰው አልነበረም አልልም፣ ፖሊስ ጋ የደወሉም ነበሩ። አገር በሙሉ ተሸበረ የሚለውን ግን ብታርሙት ደስ ይለኛል።