ይድረስ ለክቡር ታይብሬከር፣ በአሜሪካ ፉትቦል እኩል የጨረሱ ቡድኖች ለያይ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከገና ጾም ጋር አብረው እየገቡ ስለማስቸገርዎ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ በቀር ደህና ነኝ።

አያውቁኝም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ነው። ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። የማርፈው እሁድ ነው። እርስዎ ደግሞ የሚሠሩት እሁድ ነው። ጠባችን ከዚህ ይጀምራል።

ዓመቱን ሙሉ ቢያስቸግሩኝ እኮ እለምድዎት ነበር። የውሃ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይለመዳል፣ የላይኛው ጎረቤት ኮቴም ይለመዳል። እርስዎ ግን ወራት ጠፍተው ይከርሙና ጾመ ነቢያት ሲገባ ከች ይላሉ። እህቴ ሽሮዋን ስትጥድ ልጇ ካልኩሌተሩን ያወጣል። ከዚያ እስከ ገና ድረስ ያ ቤት የእኛ ቤት አይደለም።

ለማያውቅዎት ሰው ላስተዋውቅዎት። በአሜሪካ ፉትቦል፣ በኤንኤፍኤል፣ ሁለት ቡድኖች እኩል አሸንፈው ሲጨርሱ «ማን ይለፍ?» የሚለውን የሚፈርዱት እርስዎ ነዎት። ሲወራ ቀላል ይመስላል። እኔ በመለያ ምት ያደግኩ ሰው ነኝ። አምስት አምስት ይመታሉ፣ አንዱ ይስታል፣ ሰዉ ያለቅሳል፣ ሻይ ቤቱ ይዘጋል። በእንግሊዝ ሊግም በ2012 ሁለቱ ማንቸስተሮች እኩል 89 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። የግብ ክፍያ ታየ፣ ሲቲ በስምንት በለጠ፣ ዋንጫውን ወሰደ። አለቀ። እርስዎ ግን በአንድ ዲቪዥን፣ ማለትም በአንድ ምድብ፣ ውስጥ ያሉ ሁለት ቡድኖችን ለመለየት 12 ደረጃ አለዎት። የእኛ አፓርታማ እንኳ ስምንት ፎቅ ነው።

ጉድዎን ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። ጃንዋሪ 3፣ 2021፣ የኮቪዱ ጊዜ፣ ሁላችንም ቤት ውስጥ ታፍነናል። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። «አጎቴ፣ ቀላል ነው» አለኝ። በዚህ አገር «ቀላል ነው» ብሎ የጀመረኝ ሰው ሁሉ መጨረሻው ቅጽ ማስሞላት ነው።

ከረከቦቱ ላይ አራት ስኒ አንስቶ ደረደረ። «32 ቡድን አለ። ሁለት ኮንፈረንስ፣ 16 16። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ አራት ዲቪዥን፣ እያንዳንዱ ዲቪዥን አራት ቡድን። ይሄ የእኛ ዲቪዥን ነው።» ከንፈሯ የተሸረፈችዋ ስኒ ዋሽንግተን ሆነች። ያን ዓመት ቡድኑ የድሮ ስሙን ጥሎ አዲስ ገና ስላላገኘ «የዋሽንግተን ፉትቦል ቲም» ነበር የሚባለው። ስም የሌለው ቡድን፣ ከንፈር የሌላት ስኒ። ሌሎቹ ሦስቱ የኒው ዮርክ ጋይንትስ፣ የዳላስ ካውቦይስና የፊላደልፊያ ኢግልስ ናቸው።

ከዚያ ፈንዲሻ አመጣ። ለእያንዳንዱ ድል አንድ ፍሬ። የየዲቪዥኑ አንደኛ በቀጥታ ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ያልፋል። ከቀሩት ውስጥ የተሻሉት ሦስት ከየኮንፈረንሱ በዋይልድ ካርድ ይገባሉ። ሰባት ከዚህ፣ ሰባት ከዚያ፣ 14። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስድስት ስድስት ነበሩ፣ አንድ አንድ ጨመሩ። የየኮንፈረንሱ አንደኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ያርፋል፣ ሌላው ይፋለማል። እዚህ ድረስ ገባኝ። እዚህ ድረስ ወደድኩትም።

ጋይንትስ ከሰዓት በኋላ ዳላስን 23 ለ 19 አሸነፈና ፍሬው ስድስት ሆነ። ዋሽንግተንም ስድስት ነው፣ ማታ ከኢግልስ ጋር ጨዋታ አለው። «ከተሸነፍን እኩል እንሆናለን። እኩል ከሆንን ታይብሬከር ይመጣል። ጋይንትስ ደግሞ ዘንድሮ ሁለቴ አሸንፎናል፣ አበቃልን» አለኝ። ስምዎን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ልክ እናቴ የቀበሌ ሊቀ መንበራችንን ስም ስትጠራ ታደርገው እንደነበረው።

እህቴ ስኒውን ቆጥራ ፈንዲሻውን ቆጠረች። «ከ16 ጨዋታ ስድስት ብቻ አሸንፎ ነው የሚያልፈው?» አለች። ልጇ ቅር አለው። «ሰባት ሊሆን ይችላል።» እህቴ ምንም አልመለሰችም። ጀበናውን አንስታ ዋሽንግተን ላይ ቡና ቀዳችበት።

የዚያን ማታ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፣ ግን ልንገርዎት። የጋይንትስ ደጋፊዎች ለአንድ ሌሊት ኢግልስን ደገፉ። ኢግልስ ማለት ዕድሜ ልካቸውን ሲሰድቡት የኖሩት ቡድን ነው። ጌታ ሆይ ዛሬ ብቻ አሉ። ኢግልስም 17 ለ 14 እየተመራ ለመጨረሻው ሩብ ሲገባ አሠልጣኙ ዳግ ፒደርሰን ዋናውን ወጣት ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውን፣ ጄለን ኸርትስን አስወጥቶ ኔት ሰድፌልድ የሚባለውን ተጠባባቂ አስገባ። ጨዋታው 20 ለ 14 አለቀ፣ ዋሽንግተን አለፈ፣ ጋይንትስ እቤቱ ቀረ። እኛ ሳሎን ውስጥ ዘለልን። እኔም ዘለልኩ፣ አልክድም።

ሰባት አሸንፎ ዘጠኝ የተሸነፈው ዋሽንግተን የዲቪዥን አንደኛ ስለሆነ ጨዋታውን በሜዳው አደረገ። 11 ያሸነፈው የዝነኛው ኳርተርባክ የቶም ብሬዲ ቡድን ታምፓ ቤይ ተሳፍሮ መጣ። ገና ካለፈ ሁለት ቀኑ ነው፣ የተረፈ ዶሮ ወጥ እያሞቅን አየን። 31 ለ 23 ተሸነፍን። ታምፓ በዚያው ሄዶ ሱፐር ቦውሉን፣ የፍጻሜውን ዋንጫ፣ በላ።

«ይሄ እኔን አይመለከትም፣ የወንድሜ የዲቪዥን ሥራ ነው» ሊሉ ይችላሉ። አብራችሁ ነው የምታድሩት! በ2008 ኒው ኢንግላንድ 11 አሸንፎ በሩ ተዘጋበት፤ ስምንት ያሸነፈው ሳን ዲዬጎ ደግሞ የዲቪዥኑ አንደኛ ስለሆነ ገባ። ኒው ኢንግላንድንና ማያሚን እኩል 11 ሆነው አግኝተው ዲቪዥኑን ለማያሚ የሰጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በ2024ም ሚኒሶታ 14 አሸንፎ፣ እዚያው ዲቪዥን ያለው ዲትሮይት 15 ስላሸነፈ ብቻ፣ 10 ካሸነፈው ራምስ ጋር ለመጫወት እንደ እንግዳ ሻንጣውን ሸክፎ ተጓዘ። 14 ፈንዲሻ! ስኒው አይችለውም እኮ።

እነዚህን ሁሉ ልተውልዎት እችላለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ደረጃዎ ነው። «የድል ክብደት» እንበለው። በዲቪዥን ፍርድ አምስተኛ፣ በዋይልድ ካርድ ደግሞ አራተኛ ላይ ይቀመጣል። ሲሠራ እንዲህ ነው፦ ያሸነፍካቸውን ቡድኖች በሙሉ ትሰበስባለህ፣ እነሱ በፊናቸው ስንት እንዳሸነፉ ይደመራል፣ የበዛለት ያልፋል። ስለዚህ አንድን ቡድን በሴፕቴምበር ከደቆስከው በኋላ እስከ ጃንዋሪ ድረስ እንዲቀናው መመኘት አለብህ። ክቡር ሆይ፣ እኔ የማውቀው ሰው ባላንጣውን ፍርድ ቤት ረትቶ ሲወጣ እልል ይላል። እርስዎ ግን የረታሁትን ሰውዬ አሳድግልኝ፣ ላሙንም አራባለት እያልኩ ጧፍ እንዳበራ ነው የሚጠይቁኝ።

ቀልድ መስሎት የሚስቅ ካለ 2010ን ይይ። ግሪን ቤይ፣ ጋይንትስና ታምፓ ሦስቱም 10 አሸንፈው ስድስት ተሸነፉ። የቀረው ወንበር አንድ ነው። እርስዎም የድል ክብደትን መዘኑ፦ ግሪን ቤይ 0.475፣ ጋይንትስ 0.400፣ ታምፓ 0.344። ግሪን ቤይ በመጨረሻው በር ገባ። ከዚያ ሦስት ጨዋታ በሰው ሜዳ አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን ከፒትስበርግ ላይ 31 ለ 25 ወሰደ። እነዚያ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የተሸነፉለት ቡድኖች ኋላ ላይ ባይቀናቸው ኖሮ ያ ዋንጫ የለም። ምስጋና ሲደርሳቸው ግን አልሰማሁም።

ምስጋና የከፈለ እንኳ የቡፋሎ ሕዝብ ነው። ከ1999 ወዲህ ፕሌይኦፍ አይተው አያውቁም ነበር። ዲሴምበር 31፣ 2017 ማያሚን አሸንፈው መልበሻ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ከበው ቆሙ። ሲንሲናቲ ባልቲሞርን ካላሸነፈላቸው አለቀላቸው። ሲንሲናቲ ራሱ ከወደቀ ቆይቷል፣ የሚያገኘው ነገር የለም። 44 ሰከንድ ሲቀር፣ በአራተኛው ሙከራ፣ አንዲ ዳልተን 49 ያርድ ወርውሮ ለታይለር ቦይድ አቀበለ። ታችዳውን፣ የእነሱ ጎል ማለት ነው፣ 31 ለ 27። ቡፋሎ አበደች። የከተማዋ ሰው ዳልተን ለሚመራው የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ መላክ ጀመረ፣ ብዙዎቹ 17 17 ዶላር፣ ለ17 ዓመቱ ጥበቃ። ስለት ማስገባት ይሉታል እኛ ጋ። እርስዎ ባይኖሩ ይህ ታሪክ እንደማይኖር አውቃለሁ። ለዚህ ነው ደብዳቤዬ ስድብ ያልበዛበት።

አቻ መውጣትንም ቢሆን አበላሹት። ጃንዋሪ 9፣ 2022 ማታ የላስ ቬጋስ ሬይደርስና የሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ሲገናኙ፣ አቻ ከወጡ ሁለቱም ያልፋሉ፣ ፒትስበርግ ይወድቃል። ዓለም ዋንጫ ላይ በ1982 ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ እንዲህ ተግባብተው ሲንሸራሸሩ ስለታዩ ከዚያ ወዲህ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት ይደረጋሉ። እርስዎ ሰፈር ይሄ ወሬ አልደረሰም መሰለኝ።

ያን ማታ ጓደኛዬን ተክቼ ሥራ ገብቼ ነበር። ዋሽንግተን ከወደቀ ቆይቷል። ላስ ቬጋስ አለፈ፣ ፒትስበርግ ወደቀ፣ እኔን ምን አገባኝ? የእህቴ ልጅ ደወለ። «አጎቴ፣ 32 ለ 32፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ ናቸው፣ እንዳያመልጥህ!» ስልኬን ካሽ ማሽኑ ላይ አቆምኩት። አንድ ሰውዬ መኪናውን ሊወስድ መጣ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። አልሰጠሁትም። እሱም አልጠየቀኝም፣ አንገቱን አስግጎ አብሮኝ ያያል። 38 ሰከንድ ሲቀር ቻርጀርስ እረፍት ጠራ፣ ማንም ምክንያቱ አልገባውም። ሬይደርስ 47 ያርድ በእግር መታ፣ ገባ፣ 35 ለ 32። ፒትስበርግ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አለፈ። ሰውዬው ግንባሩን ይዞ «ኦ ማይ ጋድ» አለ። እኔ «እግዚኦ» አልኩ። ቁልፉን ሳልሰጠው መኪናው ጋ ሄዶ ተመለሰ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። የመጨረሻው፣ 12ኛው ደረጃዎ ሳንቲም መወርወር ነው። ይህን ሁሉ ደምረው፣ አካፍለው፣ የረቱትን የረቱበትን ቆጥረው፣ መጨረሻ ላይ ዕጣ! እህቴ የምትገባበት ዕቁብ 20 ሰው አለው። ዳኛዋ ስሞቹን ኮፍያ ውስጥ ትጨምራለች፣ አንድ ሕፃን ያወጣል፣ ቡና ይቀርባል። ሴትየዋ ሥራ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቄልዎታለሁ። እሁድ እንደማይመቻት ነግራኛለች።

ከማይገባዎት አክብሮት ጋር
የእሁድ ዕረፍተኛው

ግልባጭ፦
ለዲቪዥን፣ ለወንድምዎ
ለእህቴ፣ ስኒዎቹን እንድትሸሽግ
ለእህቴ ልጅ፣ የዘንድሮውን ሂሳብ ከእሁድ በፊት እንዲልክልኝ